ኤዱአርድ ሩፔልና የስሜን ተራራ አራዊት

የዋልያን፣ የጭላዳንና የቀይ ቀበሮን ስም በሳይንስ መጽሐፍ ስንፈልግ በአጠገቡ ሩፔል የሚል ስም እናገኛለን። ይህ ሰው ማን እንደ ነበረና ሥራው ዛሬ ምን እንደሚጠቅም ለአንባቢዎቻችን ባጭሩ ለመግለጽ እንወዳለን። ዘመኑን ሁሉ የጻፍነው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ኤዱአርድ ሩፔል በ1794 ዓ.ም. በጀርመን አገር በፍራንክፈርት ከተማ ከባለጸጋ ቤተ ሰብ ተወለደ። ለንግድ ታስቦ የነበረ ቢሆንም፣ በ1817 ሲናን ከጎበኘ በኋላ ልቡ ወደ ተፈጥሮ ጥናት ስላዘነበለ፣ ወደ ኢጣልያ ሄዶ ስለ ዕፀዋትና ስለ እንስሳት ተማረ።

በ1831 ምጽዋ ደረሰ። ጊዜው ዘመነ መሳፍንት ነበርና መንገዱ አስተማማኝ አልነበረም። እርሱ ግን በ1832 የስሜንን ተራሮች አቋርጦ ጎንደር ገባ። ያገኛቸውን አራዊትና አዕዋፍ ቆዳቸውን እያስደረቀ በፍራንክፈርት ላለው ለዘንከንበርግ ቤተ መዘክር አስረከበ። ዋልያንና ጭላዳን በ1835፣ ቀይ ቀበሮን በ1840 ለዓለም ሊቃውንት አስታወቀ። የስሜን ሰዎች ግን እነዚህን እንስሳት ከጥንት ጀምሮ ያውቋቸው ነበር፤ ዋልያና ጭላዳ የሚለውንም ስም ሩፔል የወሰደው ካገሩ ሰው ነው። በ1839 የለንደን ንጉሣዊ የጂኦግራፊ ማኅበር የወርቅ ሜዳይ ሸለመው፤ በ1884 በተወለደበት ከተማ ሞተ።

ከሞተ በኋላ ሳይንስ እርሱ ያላሰበውን ጥበብ አገኘ። በሕያዋን አካል ያለው ዲኤንኤ የሚባለው የዘር ምልክት ከመቶ ዓመት በላይ ከቆየ ደረቅ ቆዳ እንኳ ሊነበብ ይችላል። ደግሞም እንስሳ በሚጠጣው ውሃና በሚረግጠው አፈር ላይ ጠጕሩን፣ ምራቁንና ኩሱን ይተዋል። ሊቃውንትም ጥቂት ውሃ ወይም አፈር ወስደው፣ እንስሳውን ሳያዩትና ሳይገድሉት በዚያ ስፍራ መኖሩን ሊያውቁ ይችላሉ። ነገር ግን ከውሃው የተገኘው ዲኤንኤ የማን እንደ ሆነ የሚታወቀው፣ ስሙ ከተረጋገጠ እንስሳ ዲኤንኤ ጋር ሲመሳከር ነው። ለዚህም በቤተ መዘክር ተለይቶ የተቀመጠ ቆዳ ትልቅ ምስክር ይሆናል። የዱሮው ከዛሬው ጋር ሲነጻጸርም ዘሩ ምን ያህል እንደ ተመናመነ ያስረዳል።

ዛሬ በኢትዮጵያ ተራሮች የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች 500 ያህል ብቻ እንደሚሆኑ ይገመታል። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል እንደሚባለው፣ ሩፔል መዝግቦ አወረሰን። ሆኖም በፍራንክፈርት የተቀመጠው ቆዳ ይመሰክራል እንጂ አይወልድም። ስለዚህ ዘንድሮ ትምህርታችንን የምንፈጽም ሁሉ፣ ከመካከላችን የስሜንንና የባሌን ውሃና አፈር የሚመረምሩ እንዲወጡ፣ ሕያዋኑንም ለሚከተለን ትውልድ ጠብቀን እንድናቆይ ልንተጋ ይገባናል።