ኦስካር ሬይላንደርና ሠላሳ ሁለቱ ነጋቲቮች

ፎቶግራፍ እንደ መስተዋት በፊቱ የቆመውን ብቻ መልሶ የሚያሳይ ነው ብሎ የሚያስብ ብዙ ሰው አለ። ነገር ግን ከ160 ዓመት በፊት በእንግሊዝ አገር ይኖር የነበረ አንድ ሰው ነጋቲቭን ከነጋቲቭ ጋር አጋጥሞ፥ በአንድ ቦታና በአንድ ሰዓት ታይቶ የማያውቅ ትርኢት በወረቀት ላይ ለማውጣት ችሎአል። ይህም ሰው ኦስካር ጉስታቭ ሬይላንደር ነው። ዓመቶቹን የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ሬይላንደር በትውልዱ ስዊድናዊ ነው። በሮማ ሥዕል ካጠና በኋላ በእንግሊዝ አገር ዎልቨርሃምፕተን በምትባል ከተማ ተቀምጦ በሠዓሊነት ይተዳደር ነበር። በ1853 ወደ ለንደን ሄዶ የፎቶግራፍን ሥራ በአንድ ከሰዓት በኋላ ተማረ። ትምህርቱ እጅግ አጭር ስለ ነበረ፥ የቀረውን ዕውቀት እየተሳሳተና እየታረመ ከሥራው ላይ አገኘው።

በዚያን ዘመን የነበረው የካሜራ መነጽር የቅርቡንም የሩቁንም እኩል አጥርቶ ለማንሣት አይችልም ነበር። ስለዚህ ሬይላንደር ሰዎቹን በጥቂት በጥቂቱ እየከፈለ በየተራ በመስተዋት ነጋቲቭ ላይ አነሣቸው። ከዚያም አንዱን ነጋቲቭ በወረቀቱ ላይ በተወሰነለት ስፍራ አኑሮ ሲያትም፥ የቀረውን ወረቀት ብርሃን እንዳያገኘው ይሸፍነዋል። ያ ሲያልቅ ሌላውን በጎኑ ያትማል። እንዲህ እያለ ስድስት ሳምንት ደክሞ፥ ከ32 ነጋቲቮች «ሁለቱ የሕይወት መንገዶች» የተባለውን ታላቅ ሥራ በ1857 ፈጸመ። በሥዕሉ ላይ አንድ ሽማግሌ ሁለት ወጣቶችን ወደ ዓለም ሲያወጣ ይታያል፤ አንደኛው ወደ ቁማርና ወደ ስካር፥ ሁለተኛው ወደ ሥራና ወደ ጸሎት ያመራሉ።

ሥዕሉ በማንቸስተር ከተማ በተደረገው ትልቅ ትርኢት ቀረበ። ንግሥት ቪክቶሪያም አንዱን ቅጂ ገዙ። ይሁን እንጂ በውስጡ ራቁታቸውን የሚታዩ ሰዎች ስለ ነበሩበት የስኮትላንድ የፎቶግራፍ ማኅበር አላሳይም አለ።

ሬይላንደር በ1858 በለንደን የፎቶግራፍ ማኅበር ፊት ቆሞ አሠራሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ገለጸ። ይህን በማድረጉ ነቃፊዎቹ ሥራው ፎቶግራፍ ሳይሆን የቁርጥራጭ ጥፈት ነው ለማለት ተመቻቸው። ምስጢሩን ደብቆ ቢይዘው ኖሮ ሰው ሁሉ ይደነቅ ነበር፤ እርሱ ግን ከመደነቅ ይልቅ ማስተማርን መረጠ። በዚያው ዓመት ሄንሪ ፒች ሮቢንሰን የተባለ ሌላ ፎቶግራፍ አንሺ በአምስት ነጋቲቮች ስሙን ያስጠራ ሥዕል አወጣ።

በ1860 ገደማ ሬይላንደር ነጋቲቮችን ጎን ለጎን በማጋጠም ብቻ ሳይወሰን አንዱን በሌላው ላይ ደርቦ አተመ። ሥራ ያጣ አንድ አናጢ ከተኙት ሚስቱና ልጁ አጠገብ ተቀምጦ ሲተክዝ፥ በላዩ እንደ ጥላ የሆነ ሌላ ምስል ይታያል። የሰው ጭንቀት በዓይን እንዲታይ ያደረገ ሥራ ነው። በ1872 ቻርልስ ዳርዊን ስለ ስሜት አገላለጽ ላወጣው መጽሐፍም ፎቶግራፎችን ሠርቶለታል። ነገር ግን ሬይላንደር ከድካሙ ሀብት አላገኘም፤ በ1875 በለንደን በድህነት ሞተ።

ዛሬ ሁለት የፊልም ነጋቲቮችን ደርቦ ከላይ መብራት ባለው ስካነር ማንበብ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። ብርሃኑ ሁለቱን አልፎ ስለሚመጣ የአንዱ ጥቁረት በሌላው ላይ ይደመራል፤ ስለዚህ ሳሳ ያሉትን ነጋቲቮች መምረጥ ይገባል። በአንደኛው ሥዕል ጨለማ በሆነው ስፍራ የሁለተኛው ምስል ብቅ ይላል። ይህን የሚሞክር ወጣት አሠራሩን ለጓደኛው ከማሳየት አይቆጠብ። የሬይላንደር ክብር እስከ ዛሬ የቆየው 32 ነጋቲቮችን በማጋጠሙ ብቻ ሳይሆን፥ እንዴት እንዳጋጠማቸው በመናገሩም ጭምር ነው።