ከኅዳር በሽታ የተረፉት ሰው እና የአቃቂ ሬዲዮ

ኅዳር 12 ሲደርስ ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻ ሰብስቦ ያጨሳል። ኅዳር ሲታጠን እንላለን። ከጭሱ ጀርባ ያለውን ታሪክ ግን ስንቶቻችን እናውቃለን?

ጊዜው 1911 ዓ.ም ነው። ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባ ገባ። ክፋቱ ሳንባ ላይ መውረዱ ነው፤ ሳንባው ይቆጣል፣ ፈሳሽ ይሞላዋል፣ ሰው አየር እያለ ትንፋሽ ያጣል። ያኔ አንቲባዮቲክ የለ፣ መተንፈሻ ማሽን የለ፤ ሐኪሞቹም በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ።

በጠና ከታመሙት አንዱ የ26 ዓመቱ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኮንን፣ የኋላው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ናቸው። ሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ም ኤጀርሳ ጎሮ፣ ሐረርጌ የተወለዱት ራስ ተፈሪ አልጋ ወራሽ ከሆኑ ገና 2 ዓመታቸው ነበር። በኋላ ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ በተባለው መጽሐፋቸው በአዲስ አበባ ብቻ ከ10 ሺህ በላይ ሰው እንዳለቀ፣ እሳቸው ግን በፈጣሪ ቸርነት እንደተረፉ ጽፈዋል።

ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም ነገሡ። በ1927 ዓ.ም አቃቂ ላይ የሬዲዮ ጣቢያ ተመረቀ። የጣሊያን ወረራ ሲቃረብ የንጉሡ ድምፅ ለዓለም የተሰማው ከዚሁ ነው። አዎ፣ ዛሬ በፋብሪካና በከባድ መኪና ከምናውቃት አቃቂ!

ጦርነቱ ሲመጣ ደግሞ የሰው ሳንባ በመርዝ ጋዝ ተጠቃ። ከአውሮፕላን የተረጨው የሰናፍጭ ጋዝ ቆዳና ዓይን ያቃጥላል፤ የተነፈሰው ሰው ከሞት ቢተርፍ እንኳ ለዓመታት ሲያስለውና ትንፋሽ ሲያጥረው ሊኖር ይችላል። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም ንጉሡ ጄኔቫ ላይ፣ በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት፣ ይህንን ግፍ በአማርኛ አሰሙ።

ነሐሴ 21 ቀን 1967 ዓ.ም በ83 ዓመታቸው ሞቱ። ከዚያ ኅዳር በኋላ ከ56 ዓመት በላይ ኖረዋል።

ለምን አነሳነው? ታሪክ ተረፉ ብሎ በአንድ ቃል ያልፋል። ሳንባው ክፉኛ ተጎድቶ በማሽን ሲተነፍስ የከረመ ሰው ግን ቤቱ ስለገባ ብቻ ድኖ አላለቀም። ጡንቻው ይሟሽሻል፣ ደረጃ ያቅተዋል፣ ይረሳል፣ ሌሊት ይባንናል። በካናዳ ታማሚዎችን ለ5 ዓመት የተከታተለ ጥናት እንዳሳየው፣ ሳንባቸው ወደ ጤናው ቢመለስም የአካል ድካሙ ብዙዎችን አልለቀቀም። ስለዚህ ሰነፈ አትበሉት።

እናንተ አቃቂ ቃሊቲ ያላችሁ፣ እንዲህ ያለ ሰው ቤታችሁ ካለ ሐኪሙ በፈቀደው ልክ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ አራምዱት፤ ቀጠሮውን አስታውሱት። ትንፋሹ ከባሰበት ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ቅርባችሁ ነው።

ኅዳር 12 ሲመጣም ጎረቤት ሳንባው የተጎዳ ሰው እንዳለ አስቡ። ሰፈራችንን እናጽዳ፤ ጭሱ ግን ይቅርብን።