የዳግማዊ ምኒልክ የአልጋ ቁራኛ ዓመታት

ዳግማዊ ምኒልክ (ነሐሴ 12 ቀን 1836 – ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም.) ከ1882 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ነበሩ። ስማቸው አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ከዓድዋ ድል፣ ከአዲስ አበባ መቆርቆርና ከዘመናዊ ሥልጣኔ መግባት ጋር ነው። ነገር ግን ከጥቅምት 1902 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ከአራት ዓመት ለሚበልጥ ጊዜ፣ ሰውነታቸው ሽባ ሆኖ፣ አንደበታቸውም ተይዞ የአልጋ ቁራኛ ሆነው ኖረዋል። በዚህ ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ በሕይወት ነበሩ፤ መግዛት ግን አይችሉም ነበር። ይህ ጽሑፍ የሕይወት ታሪካቸውን ባጭሩ ካስቀደመ በኋላ የሕመማቸውን ዓመታት፣ የአስታማሚዎቻቸውን ሁኔታና ሕመሙ በአገሪቱ ላይ ያስከተለውን ውጤት ይመለከታል።

ልጅነትና ወደ ዙፋን መውጣት

ምኒልክ የተወለዱት በሸዋ፣ አንጎለላ ነው። አባታቸው የሸዋው ንጉሥ ኃይለ መለኮት፣ እናታቸው ወይዘሮ እጅጋየሁ ሲሆኑ፣ የክርስትና ስማቸው ሣህለ ማርያም ነው። ዓፄ ቴዎድሮስ በ1848 ዓ.ም. ሸዋን ሲይዙ ልጁን ምኒልክን ወሰዷቸው፤ ወደ አሥር ዓመት ገደማም በቴዎድሮስ እጅ ቆዩ። በሰኔ 1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው ሸዋ ገቡና ነገሡ። ዓፄ ዮሐንስ አራተኛ መተማ ላይ ከወደቁ በኋላ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም የንጉሠ ነገሥትነት ዘውድ ጫኑ።

ሚስታቸው እቴጌ ጣይቱ ብጡል በአባታቸው በኩል ከየጁው መስፍን ከራስ ጉግሣ መርሳ ይወለዳሉ። ራስ ጉግሣ መርሳ ደብረ ታቦርን የቆረቆሩ የቤጌምድር ገዢ ነበሩ። በዚህም ምክንያት የእቴጌይቱ ቤተሰብ በሰሜኑ አገር፣ በተለይም በቤጌምድርና በየጁ፣ ትልቅ ስም ነበረው። ይህ ዝምድና በኋላ በንጉሠ ነገሥቱ ሕመም ጊዜ ከባድ ውጤት አስከትሏል።

በእንቅስቃሴ ላይ የቆመ አገዛዝ

በምኒልክ ዘመን የንጉሥ ሥልጣን ከንጉሡ አካል ጋር የተያያዘ ነበር። ንጉሡ ራሱ ይዘምታል፣ ራሱ ችሎት ይቀመጣል፣ ግብር አግብቶ ከሠራዊቱ ጋር ይታያል። ምኒልክም ከአንኮበር ወደ ልቼ፣ ከልቼ ወደ እንጦጦ፣ ከእንጦጦ ወደ አዲስ አበባ ከተማቸውን እየቀየሩ ገዝተዋል። በ1888 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሥተው ዓድዋ እስኪደርሱ ሠራዊታቸውን መርተው ወደ 1000 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ተጉዘዋል።

ያዩዋቸው የውጭ አገር መልእክተኞች ረጅምና ደንዳና ሰውነት ያላቸው፣ ማልደው የሚነሡ፣ አዲስ መሣሪያ ሲያዩ ራሳቸው ነክተው ካልሞከሩ የማያርፉ ሰው አድርገው ገልጸዋቸዋል። በ1891 ዓ.ም. ከእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ በሸክላ መቅረጫ የተላከ የድምፅ መልእክት ሲደርሳቸው፣ እሳቸውም እቴጌ ጣይቱም ድምፃቸውን አስቀርጸው መልስ ልከዋል። በ1900 ዓ.ም. አዲስ አበባ በገባው አውቶሞቢልም ወጥተው ሄደዋል። ሕመሙ የወሰደባቸው ይህንኑ መንቀሳቀስና ይህንኑ ድምፅ ነው።

የሕመሙ መጀመሪያ

የንጉሠ ነገሥቱ ጤና መታወክ የጀመረው በ1898 ዓ.ም. ገደማ ነው። በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር የአክስታቸው ልጅና የቅርብ ረዳታቸው ራስ መኰንን አረፉ። ብዙዎች ከእሳቸው በኋላ ይነግሣሉ ብለው የሚጠብቁት ራስ መኰንንን ስለ ነበር፣ የአልጋ ወራሽ ጥያቄ ከሕመማቸው ጋር አንድ ላይ መጣ።

ምኒልክ ሕመማቸውን አውቀው ለመዘጋጀት ሞክረዋል። በጥቅምት 1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሾሙ። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ የጦር ሚኒስትር፣ አፈ ንጉሥ ነሲቡ የፍርድ ሚኒስትር፣ ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ የጽሕፈት ሚኒስትር ሆኑ። ቀጥሎም በ1900 እና በ1901 ዓ.ም. ሕመሙ እየተደጋገመ ጸናባቸው። ለጸበል ደብረ ሊባኖስ ወርደው ነበር፤ የአውሮፓ ሐኪሞችም አክመዋቸዋል። አንዳንድ ጊዜ ሻል ብሏቸው ወደ ሥራ ቢመለሱም እንደ ቀድሞው አልሆኑም።

አልጋ ወራሻቸው እንዲሆን የመረጡት የልጃቸውን የወይዘሮ ሸዋረጋን ልጅ ልጅ ኢያሱን ነበር። አባቱ የወሎው ራስ ሚካኤል ናቸው። ኢያሱ ያን ጊዜ ገና የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ስለ ነበር ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደው ሞግዚትና እንደራሴ ተደረጉለት። በአዋጁ ንጉሠ ነገሥቱ ከቴዎድሮስና ከዮሐንስ ሞት በኋላ የደረሰውን መተላለቅ አስታውሰው፣ ቃላቸውን የሚያፈርሰውን ሰው ረግመዋል።

ከባዱ ሕመም

ጥቅምት 17 ቀን 1902 ዓ.ም. ከሁሉም የከፋው ሕመም መታቸው። ይህ በሽታ ዛሬ ስትሮክ ይባላል። ወደ አንጎል የሚሄድ የደም ሥር ሲዘጋ ወይም ሲፈነዳ ደም ያጣው የአንጎል ክፍል ይሞታል፤ ያ ክፍል ያዝዘው የነበረው እጅ፣ እግር ወይም አንደበት መሥራት ያቆማል። ከሦስት ቀን በኋላ፣ ጥቅምት 20 ቀን፣ የኢያሱ አልጋ ወራሽነት ለሕዝብ በይፋ ተነገረ። ከዚያ ቀን በኋላ ምኒልክ አገር አልገዙም።

የአልጋ ላይ ኑሮ

ሰው በስትሮክም ሆነ በእርጅና ወይም ከልክ ባለፈ ውፍረት ከአልጋ መነሣት ሲያቅተው፣ የዕለት ኑሮው ከሞላ ጎደል በሌሎች እጅ ይወድቃል። በጤና ጊዜ ልብ የማይባለው ነገር ሁሉ ሥራ ይሆናል። በሽተኛው በአንድ ጎኑ ብዙ ከተኛ ተረከዙ፣ ዳሌውና ወገቡ ይቆስላል፤ ስለዚህ በየጥቂት ሰዓቱ፣ ሌሊትም ጭምር፣ መገላበጥ አለበት። ሰውነቱ ከባድ ከሆነ ይህን አንድ ሰው ብቻውን አይችለውም። መታጠብ፣ መጸዳዳት፣ ልብስና አንሶላ መቀየር የሌላ ሰው እጅ ይፈልጋል። ካልታሹና ካልተንቀሳቀሱ መገጣጠሚያዎች ይደርቃሉ፣ ጡንቻም ይሟሽሻል።

መብላትም አደጋ አለው። ስትሮክ የመታው ሰው መዋጥ ሲያቅተው ምግብና መጠጥ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል፤ ከዚያ የሚመጣው የሳንባ ምች የብዙ በሽተኞች መሞቻ ነው። ስለዚህ ቀና አድርጎ፣ ቀስ ብሎ፣ በትንሽ በትንሹ ማጉረስ ያስፈልጋል። አንደበቱ የተያዘ ሰው ደግሞ የት እንዳመመው፣ ምን እንደፈለገ አይናገርም። አስታማሚው ከፊቱና ከዓይኑ መገመት አለበት።

በዚያ ዘመን የደም ግፊትን የሚቀንስ መድኃኒት አልነበረም። ቁስልንና የሳንባ ምችን የሚያድነው ፔኒሲሊን የተገኘው ምኒልክ ካረፉ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ሐኪም ሊያደርገው የሚችለው ጥቂት ስለ ነበር፣ በሽተኛውን የሚያኖረው ዋናው ነገር ማስታመም ነበር። ምኒልክ በዚህ ሁኔታ ከአራት ዓመት በላይ መቆየታቸው በአጠገባቸው የነበሩት ሰዎች ቀን ከሌት እንዳልተለዩአቸው ያመለክታል። ከእነዚህ መካከል ዋነኞቹ እቴጌ ጣይቱና ልጃቸው ወይዘሮ ዘውዲቱ ነበሩ።

ሐኪሞችና የመርዝ ወሬ

ንጉሠ ነገሥቱን ካከሙት መካከል የጓደሎፕ ተወላጅ የሆኑት ዶክተር ዮሴፍ ቪታልየን ይገኙበታል። በ1902 ዓ.ም. አካባቢ ደግሞ ሽታይንኩለር የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ለሕክምና ተጠርቶ ነበር። ይህ ሐኪም ንጉሠ ነገሥቱ መርዝ እየተሰጣቸው ነው የሚል ክስ አነሣ፤ ጥርጣሬውም በእቴጌይቱ ወገን ላይ አረፈ። ክሱ በማስረጃ አልተረጋገጠም፤ ሌሎች ሐኪሞችም አልተቀበሉትም። ይሁን እንጂ ወሬው በከተማው ተሰራጨ። በሽተኛው መናገር ስለማይችሉ ወሬውን እውነት ነው ወይም ሐሰት ነው ሊሉ አልቻሉም።

ንጉሠ ነገሥቱ በአደባባይ ስለማይታዩ ሞተዋል የሚል ወሬም በየጊዜው ይነሣ ነበር። የአውሮፓ ጋዜጦች በሕይወት ሳሉ ሞታቸውን ከአንድ ጊዜ በላይ አውጀዋል።

እቴጌ ጣይቱና የሸዋ መኳንንት

ወደ አልጋው የሚገባና የሚወጣውን የምታውቀው፣ በንጉሠ ነገሥቱ ስም የምትናገረው እቴጌ ጣይቱ ነበረች። ከጥቅምት 1902 ዓ.ም. በኋላ ባሉት ወራት ሹመትና ሽረቱን በእጇ አደረገች፤ ዘመዶቿንም ከፍ ከፍ አደረገች። ኢያሱ ራሱ የተዳረው ለወንድሟ ለራስ ወሌ ብጡል የልጅ ልጅ ለሮማነወርቅ መንገሻ ነበር። የሸዋ መኳንንት ይህን በሥጋት ተመለከቱት። በመጋቢት 1902 ዓ.ም. ራስ ቢትወደድ ተሰማን፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስንና ሌሎችን ይዘው ተማከሩና እቴጌይቱ ከመንግሥት ሥራ እጇን እንድታነሣ ወሰኑ። የተተወላት ሥራ ባሏን ማስታመም ብቻ ነበር።

ውሳኔው እንደ ቅጣት የታሰበ ነው። ሆኖም ከዚያ በኋላ ለሦስት ዓመት ከዘጠኝ ወር ያህል፣ ሹመትም ሥልጣንም ሳይኖራት፣ ንጉሠ ነገሥቱ እስካረፉበት ቀን ድረስ ከአልጋው አጠገብ ቆይታለች።

በቤጌምድር ላይ ያስከተለው ውጤት

የእቴጌይቱ መውደቅ ከአዲስ አበባ ውጪም ተሰማ። የወንድሟ ልጅና የወይዘሮ ዘውዲቱ ባል ራስ ጉግሣ ወሌ በዚያን ጊዜ ቤጌምድርን ይገዙ ነበር። ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ በዚሁ በቤጌምድር ግዛት ውስጥ ነበሩ። ራስ ጉግሣ ከግዛታቸው ተነሥተው ታሰሩ። የተፈቱት ኢያሱ ከወረደ በኋላ ሲሆን፣ ወደ ቤጌምድር ገዢነት ቢመለሱም ንግሥተ ነገሥታት ከሆነችው ከባለቤታቸው ከዘውዲቱ ጋር እንዲኖሩ አልተፈቀደላቸውም። በመጨረሻም በንጉሥ ተፈሪ መኰንን ላይ ተነሥተው መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. በቤጌምድርና በወሎ ወሰን አካባቢ በአንችም ጦርነት ተገደሉ። ንግሥት ዘውዲቱም ከሁለት ቀን በኋላ አረፉ።

ዘውድ ያልጫነ አልጋ ወራሽ

ራስ ቢትወደድ ተሰማ በሚያዝያ 1903 ዓ.ም. በድንገት ሞቱ፤ በምትካቸውም እንደራሴ አልተሾመም። ኢያሱ በራሱ መግዛት ጀመረ፤ ነገር ግን አያቱ በሕይወት ሳሉ ዘውድ ሊጭን አልቻለም። ንጉሥ ሲሞት ወይም ሲሸነፍ ምን እንደሚደረግ አገሩ ያውቅ ነበር። ንጉሡ በሕይወት እያለ መናገርና መንቀሳቀስ ሲያቅተው ምን እንደሚደረግ ግን ልማድ አልነበረም። በኋላም ኢያሱ በሽተኛው ከግቢ እንዲወጡ በፈለገ ጊዜ የቤተ መንግሥቱ ዘበኞች እምቢ አሉ። ነገሩ ወደ ተኩስ ደርሶ በጳጳሱ በአቡነ ማቴዎስ አስታራቂነት በረደ።

ዕረፍትና ቀብር

ዳግማዊ ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. በ69 ዓመታቸው አረፉ። ሞታቸው ተደበቀ፤ አዋጅ አልተነገረም፣ ለቅሶም አልተቀመጡም። አስከሬናቸው በጸጥታ በዚያው በግቢው ባለው በሥዕል ቤት ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን አረፈ። እቴጌ ጣይቱ ወደ እንጦጦ፣ ወይዘሮ ዘውዲቱ ወደ ፋሌ ተላኩ። የንጉሠ ነገሥቱ ሞት በይፋ የተነገረው ልጅ ኢያሱ በመስከረም 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ከወረደ በኋላ ነው። ምኒልክ ያስጀመሩት የባቡር ሐዲድ አዲስ አበባ የገባውም እሳቸው ካረፉ በኋላ በዚያው በ1909 ዓ.ም. ነው።

እቴጌ ጣይቱ ቀሪ ዕድሜዋን ጎንደር ሄዳ ለመጨረስ ጠይቃ ነበር፤ አልተፈቀደላትም። የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. እንጦጦ ላይ አረፈች። ዛሬ ምኒልክ፣ ጣይቱና ዘውዲቱ ዘውዲቱ ባሠሩት በአዲስ አበባው በታዕካ ነገሥት በአታ ለማርያም ገዳም በአንድነት ያርፋሉ።

በሌሎች አገሮች

ተመሳሳይ ችግር ከጥቂት ዓመታት በኋላ በሌሎች መንግሥታትም ደርሷል። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ውድሮው ዊልሰን በ1919 እ.ኤ.አ. በስትሮክ ግራ ጎናቸው ሽባ ሲሆን፣ ባለቤታቸው ኢዲት ዊልሰን ማን እንደሚገባና የትኛው ወረቀት እንደሚቀርብ የምትወስን ሆናለች። የሶቪየት መሪ ሌኒንም በ1923 እ.ኤ.አ. በደረሰባቸው ስትሮክ አንደበታቸው ተይዞ፣ በጥር 1924 እ.ኤ.አ. እስኪሞቱ ድረስ ከሞስኮ ውጪ በአስታማሚ ኖረዋል፤ ወራሾቻቸውም በዚያው ጊዜ ለሥልጣን ይታገሉ ነበር። አሜሪካ ፕሬዚዳንቱ ሥራውን መሥራት ሲያቅተው ምን እንደሚደረግ በሕገ መንግሥቷ በግልጽ የደነገገችው በ1967 እ.ኤ.አ. ነው። ምኒልክ በጤናቸው ጊዜ ሚኒስትሮችን ሾመው፣ ወራሽና እንደራሴ ሰይመው ለዚህ ለመዘጋጀት ሞክረው ነበር። ዝግጅቱ ግን የተመሠረተው በሕግ ላይ ሳይሆን በአንድ እንደራሴ ሕይወት ላይ ነበርና፣ እሳቸው ገና በአልጋ ላይ ሳሉ ፈረሰ።