መንጋቸውን ትተው ያልሄዱት ቄስ ጉዲና ቱምሳ

በዚህ ዕትም ልናስታውሳቸው የወደድነው አባት የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ናቸው። ስማቸውን ያልሰማ ጥቂት ነው። ብዙዎቻችን የምናውቀው ግን መጨረሻቸውን ብቻ ነው፤ ይኸውም በደርግ ዘመን ተወስደው መገደላቸውን ነው። ባልና አባት እንደ ነበሩ፣ በአገራቸው መቅረታቸውም ቤታቸውን ምን እንዳስከፈለ እምብዛም አይነገርም። ይህን ሳይነኩ የእሳቸውን ሕይወት መተረክ ግማሹን እንደ መተው ይመስለኛል።

ቄስ ጉዲና ሚያዝያ 27 ቀን 1921 ዓ.ም. በወለጋ፣ ቦጂ በተባለው አገር ተወለዱ። ልክ በ12 ዓመታቸው ያ የልደት ቀናቸው የአገራችን የድል ቀን ሆነ። ገና በልጅነታቸው ከትውልድ ቀያቸው ወጥተው ወደ ነቀምቴ በመሄድ በስዊድን ሚሲዮን አትክልት እየኮተኮቱ ተማሩ። ከዚያም በነቀምቴው ሆስፒታል ሠልጥነው ድሬሰር ሆኑ፤ ለስዊድናዊው ሐኪምም ያስተረጉሙ ነበር። በዚያ ዘመን ድሬሰር መሆን ቀላል ነገር አልነበረም። ወር ጠብቆ የሚመጣ ደመወዝ ያለው፣ በሕዝብ ዘንድ የተከበረ፣ ቁስል አጥቦ መርፌ የሚወጋ ሰው ነበር። ሐኪም በጠፋበት አገር ድሬሰሩ ራሱ ሐኪም ነው።

ታዲያ ይህን ሥራ ትተው ወደ ወንጌል አገልግሎት ገቡ። በ1950 ዓ.ም. ገደማ ተቀብተው የነቀምቴ ምእመናን ቄስ ሆኑ። የቄስ ኑሮ ምን ያህል ጠባብ እንደ ሆነ በቤተ ክርስቲያን ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። በ1940ዎቹ ያገቧቸው ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳም ያን ጠባብ ኑሮ አብረው ተቀበሉ። ስለ ቄስ ጉዲና የሚናገሩ ሰዎች ይህን በአንድ ዐረፍተ ነገር ያልፉታል። እኔ ግን ወንበሩን የለቀቀው ባል ቢሆንም፣ በቀረው ገንዘብ ቤት የምታስተዳድረው ሚስት መሆኗን ሳላነሳ ማለፍ አልወደድሁም።

ጥር 13 ቀን 1951 ዓ.ም. የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ስትመሠረት የአባላቷ ቁጥር 20 ሺህ ያህል ነበር። ቄስ ጉዲና በአሜሪካ አገር፣ ሚኒሶታ በሚገኘው የሉተር ሴሚናሪ ከ1956 እስከ 1958 ዓ.ም. ተምረው እንደ ተመለሱ የቤተ ክርስቲያኒቱ ዋና ጸሐፊ ሆኑ፤ እስከ ዕለተ ሞታቸውም በዚሁ ኃላፊነት ቆዩ። በእነዚያ ዓመታት ምእመናኑ እየበዙ ሄደው በመቶ ሺዎች ተቈጠሩ። ይህ ደስታ ነው፤ ነገር ግን ጭንቀትም ነበረው። አዲስ አማኞችን የሚያስተምር ወንጌላዊ ከየት ይምጣ? ማን ይክፈለው?

ከዚህ ጭንቀት የተነሣ በ1964 ዓ.ም. አንድ ታላቅ ደብዳቤ ተጻፈ። ቤተ ክርስቲያኒቱ በጊዜው ሚኒስትር የነበሩት ፕሬዚዳንቷ አቶ አማኑኤል አብርሃምና ዋና ጸሐፊዋ ቄስ ጉዲና በመሩበት ዘመን ጽሑፉን በጄኔቭ ለሚገኘው ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ላከች። ነገሩ እንዲህ ነው። በአውሮፓ የሚገኙ ለጋሾች ለትምህርት ቤት፣ ለክሊኒክና ለእርሻ ልማት ብዙ ገንዘብ ይሰጡ ነበር። ለወንጌላውያን ሥልጠናና ለጸሎት ቤት ሥራ ሲጠየቁ ግን እጃቸው ያጥር ነበር። ደብዳቤው ይህን አከፋፈል ተቃወመ። ሰው አንድ ነው፤ ሥጋውን ለአንድ መሥሪያ ቤት፣ ነፍሱን ለሌላ መሥሪያ ቤት ማከፋፈል አይቻልም፤ ሆዱ ጠግቦ ልቡ በፍርሃት የታሰረ ሰው ገና አልለማም የሚል አሳብ ነበረው። ረድኤት ተቀባይ የሆነች ቤተ ክርስቲያን ለሰጪዎቿ እንዲህ አድርጋ መናገሯ በዚያን ጊዜ ያልተለመደ ነበር። ደብዳቤው ብዙ ክርክር ስላስነሣ በጥቅምት 1967 ዓ.ም. በናይሮቢ በዚሁ ጉዳይ ዓለም አቀፍ ጉባኤ ተደረገ።

ለእኛ ለወሎዎች ይህ የመጽሐፍ ጥያቄ ብቻ አይደለም። ደብዳቤው በተጻፈ በዓመቱ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ረሃቡ ወሎን አጠፋት። እህል ከሌለው ሰው ፊት ቆሞ ስለ ነፍስ ብቻ መናገር እንዴት እንደሚያሳፍር፣ እህል ብቻ ሰጥቶ መሄድም ሰውን እንዴት ባዶውን እንደሚያስቀረው ያዩ ሽማግሌዎች በየመንደሩ ነበሩ። የኩታበር ገበሬ ገብሱን ሲዘራ ሰማዩን እያየ ይጸልያል፤ እጁ ይዘራል፣ አፉ ይለምናል። ሥራውን ከጸሎቱ ለይተህ ጻፍልኝ ቢሉት ግራ ይገባዋል። ቄስ ጉዲና የተናገሩት ይህንኑ ነው።

አብዮቱ ሲመጣ ቤተ ክርስቲያኒቱ በ1967 ዓ.ም. ለምእመናኗ የእረኝነት መልእክት ጻፈች፤ ፍትሕንና የድኻውን መብት ደገፈች። ነገር ግን ወንጌልን በየትኛውም ርእዮተ ዓለም እንደማትለውጥ አስታወቀች። ውሎ አድሮ ነገሩ ከረረ። በመጋቢት 1969 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የነበረው የብሥራተ ወንጌል ራዲዮ ጣቢያ በመንግሥት ተወረሰ። በየክፍለ ሀገሩ ጸሎት ቤቶች ተዘጉ፤ ወጣቶችም በእምነታቸው ምክንያት ታሰሩ። ቄስ ጉዲና በዚህ ጊዜ ያደረጉት አንድ ነገር ይገርመኛል። የራሳቸውን ቤተ ክርስቲያን ብቻ ለማዳን አልሮጡም። ኦርቶዶክስ፣ ካቶሊክና ወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ተባብረው እንዲቆሙ የአብያተ ክርስቲያናት የትብብር ምክር ቤት እንዲቋቋም ደከሙ፤ ሰብሳቢውም ሆኑ። እርስ በርስ ሲነቃቀፉ የኖሩትን በአንድ ጠረጴዛ ማስቀመጥ ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ ገምቱት።

መንግሥት የቤተ ክርስቲያን መሪዎች ወደ ውጭ አገር እየሄዱ በኢትዮጵያ የእምነት ነጻነት አለ ብለው እንዲመሰክሩለት ይፈልግ ነበር። ቄስ ጉዲና ይህን አላደረጉም። በዚህ ላይ ታናሽ ወንድማቸው ባሮ ቱምሳ ከኦሮሞ ነጻነት ግንባር መሥራቾች አንዱ ስለ ነበሩ በጥርጣሬ ዓይን መታየታቸው አልቀረም። እሳቸው የያዙት መንገድ ግን የቄስ መንገድ ነበር። በ1971 ዓ.ም. ታሰሩ፤ ተፈቱ፤ እንደገናም ታስረው ተፈቱ።

ሁለተኛው እስራት ካለፈ በኋላ የመውጫ በር ተከፈተላቸው። በውጭ የሚገኙ ወዳጆቻቸው ስለ እሳቸው ደከሙ፤ የታንዛኒያው ፕሬዚዳንት ጁሊየስ ኔሬሬም ሊረዷቸው ፈቃደኛ ነበሩ። ቄስ ጉዲና አመስግነው እንቢ አሉ። ክርስቶስ ስለ ሁሉ የሞተው በሕይወት ያሉት ለራሳቸው እንዳይኖሩ ነው የሚለውን የሐዋርያውን ትምህርት አስታውሰው፣ ምእመናን በመከራ ላይ ሳሉ እረኛቸው ጥሎ ሊሄድ እንደማይገባው ተናገሩ።

እዚህ ላይ አንድ ወጣት ተነሥቶ፣ ልጆች ያሉት አባት ለልጆቹ ሲል መሄድ አልነበረበትምን? ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ልንገሥጸውም አይገባንም። ዮሴፍ ሕፃኑንና እናቱን ይዞ በሌሊት ወደ ግብፅ ሸሽቶአል። መሸሽ ኃጢአት ቢሆን ኖሮ መልአኩ ባላዘዘው ነበር። በዚያ ዘመን የተሰደዱትን አገልጋዮች የሚኰንን ሰው ካለ ከእሱ ጋር አልስማማም። የቄስ ጉዲና ነገር ግን ልዩ ነበር። ተራው ወንጌላዊና ገበሬው ምእመን መሸሻ አልነበራቸውም፤ ፕሬዚዳንትም አይለምንላቸውም። ዋና ጸሐፊው በአውሮፕላን ቢወጡ ኖሮ በየእስር ቤቱ የቀሩት ምን ይሰማቸው ነበር? እሳቸው የመዘኑት ይህን ይመስለኛል። ሚዛኑ ግን ቀላል አልነበረም፤ በአንደኛው ወገን የተቀመጡት የገዛ ልጆቻቸው ነበሩና።

ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ቅዳሜ ምሽት ቄስ ጉዲና በአዲስ አበባ በዑራኤል መካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን አገለገሉ። ከጉባኤው በኋላ ከወይዘሮ ፀሐይ ጋር ሲወጡ የታጠቁ ሰዎች መኪናቸውን አስቆሙ። ባልና ሚስቱን ለያዩአቸው። ወይዘሮ ፀሐይን በሌላ መኪና ከከተማ አውጥተው በጨለማ ለቀቋቸው። ቄስ ጉዲና በዚያው ሌሊት ተገደሉ፤ ዕድሜያቸውም 50 ዓመት ነበር። መንግሥት ግን የት እንዳሉ አላውቅም አለ።

መከራው በዚህ አላበቃም። ወይዘሮ ፀሐይ በ1972 ዓ.ም. ተይዘው ብዙ ተደበደቡ፤ ወደ 10 ዓመት ገደማም በእስር ቤት ኖሩ። ልጆቹ አባታቸው ጠፍተው፣ እናታቸው ታስረውባቸው ቀሩ፤ ከእነርሱም በስደት የተበተኑ ነበሩ። ሴትየዋ በእስር ቤት ሳሉ ባላቸው ይሙቱ ይኑሩ የሚነግራቸው አልነበረም። በአገራችን ለሞተ ሰው ድንኳን ይተከላል፣ ጎረቤት ይመጣል፣ ይለቀሳል፣ ዐርባው ይቈጠራል። ለእኚህ ሴት ይህ ሁሉ ተከልክሎ ነበር።

ደርግ ከወደቀ በኋላ የቄስ ጉዲና አፅም በአዲስ አበባ፣ የራስ አሥራተ ካሣ መኖሪያ በነበረው ግቢ ተገኘ። በዚያው ግቢ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ የነበሩት፣ በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ወርደው በ1971 ዓ.ም. የተገደሉት የአቡነ ቴዎፍሎስ አፅምም ተገኝቶአል። ሰኔ 20 ቀን 1984 ዓ.ም.፣ ከተወሰዱ 13 ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ ቄስ ጉዲና በክብር ተቀበሩ። ወይዘሮ ፀሐይም በዚያን ጊዜ ከእስር ወጥተው ስለ ነበር ለባላቸው በአደባባይ ለማልቀስ በቁ። የራሳቸውን ታሪክም ለአንዲት ኖርዌያዊት ጸሐፊ ተርከው በመጽሐፍ ታትሞአል። ባላቸውን ካጡ ከ35 ዓመት በኋላ በ2007 ዓ.ም. ዐረፉ።