ሊትማን አክሱም የደረሱበት መንገድ

ከሞላሌና ከአካባቢዋ የመጣን ተማሪዎች ስንገናኝ ደጋግመን የምናነሣው ጥያቄ፣ የጥንት ሥፍራ ቁፋሮ ላይ ለመሳተፍ ምን ማድረግ ይገባል የሚለው ነው። በዚያው በመንዝ፣ በመስሐለ ማርያም፣ ከ2000 ወዲህ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የፈረንሳይ ሊቃውንት የድንጋይ ክምር መቃብሮችን ቆፍረዋል፤ ክርስቲያንም ሙስሊምም ያልነበረ ሕዝብ መቃብሮች ናቸው። ለጥያቄው የአንድ ሰው ሕይወት ይመልስ ብለን የፕሮፌሰር ኤኖ ሊትማንን ታሪክ አቅርበናል።

ሊትማን በ1875 በጀርመን አገር በኦልደንቡርግ ተወለዱ። ትምህርታቸው የቋንቋ ነበር፤ በ1898 ዶክተር የሆኑት ስለ ትግረ ግሥ ጽፈው ነው። የቋንቋውን አገር ግን ገና አላዩም። ወዲያው አንድ የአሜሪካ የምርምር ጓድ ወደ ሶርያ ሲሄድ በድንጋይ ላይ የተቀረጸ የሴም ጽሑፍ የሚያነብ ሰው ስላስፈለገው ሊትማን አብረው ሄዱ።

በ1905 በኤርትራ፣ በመንሳዕ አገር ተቀምጠው የትግረን ግጥምና ተረት ሰበሰቡ። ረዳታቸው የአገሩ ተወላጅ ናፍዕ ወድ ዕትማን ነበሩ። ናፍዕ እስከ ስትራስቡርግ ሄደው አብረዋቸው ሠርተዋል፤ በ1909 ወደ አገራቸው ሲመለሱ በመንገድ ቀሩ። ስማቸውን የሚያነሣ ጥቂት ነው፤ እኛ ግን ሊትማንን ያለ እርሳቸው አንጠራም።

ዐፄ ምኒልክ ፈቅደው የጀርመን ንጉሠ ነገሥት ጓድ ወደ አክሱም ሲልኩ መሪነቱ ለሊትማን ተሰጠ። በጥር 1906 ገቡ። ክሬንከርና ፎን ሉፕኬ የሚባሉ የሕንፃ ዐዋቂዎች፣ ካሽከ የሚባል ሐኪምም ነበሩ። በሦስት ወር ያህል ጊዜ ውስጥ ሐውልቶቹን ለኩ፣ የኢዛናን ጽሑፎች መረመሩ፣ የቤተ መንግሥት ፍርስራሾችንም ቆፍረው ፕላናቸውን ነደፉ። ከነዚህ አንዱ ተዓካ ማርያም ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን መንገድ ሲቀደድበት ስለፈረሰ ዛሬ ቅርጹን የምናውቀው ከዚያ ንድፍ ነው። መቆፈር ራሱ ማፍረስ ነውና፣ በእኛ አስተያየት ሜትሩና እርሳሱ ከአካፋው ይበልጣሉ።

ውጤቱ በ1913 በአራት ትልልቅ ቅጾች ታተመ፤ ግን በጀርመንኛ ነው፤ ለአክሱም ሰው ምን ይጠቅመዋል? ሊትማን በመጨረሻ በቱቢንገን አስተምረው በ1958 ዐረፉ።

ዛሬ የቁፋሮ ፈቃድ የሚሰጠው የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ስለሆነ፣ የትኛው ጓድ ወዴት እንደሚወጣ እዚያና በአርኪዮሎጂ ትምህርት ክፍል እንጠይቅ። ግእዝ የሚያነብ፣ ፕላን መንደፍ የሚችል፣ ወይም የመንዝን የቦታ ስም ከነታሪኩ ከሽማግሌዎች የሰማ ተማሪም ለጓዱ መሪ ሲጽፍ ይህንኑ በመጀመሪያው መስመር ላይ ያስቀምጥ።