የጂንሊንግ በር ጠባቂ፤ ሚስ ሚኒ ቮትሪን

ጃፓን ለአባቶቻችን የብርሃን አገር ነበረች። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931 (ዓመቶቹን የምንጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ወደዚያ ሄደው ከተመለሱ በኋላ ለጻፉት መጽሐፍ ማኅደረ ብርሃን የሚል ስም የሰጡት ያለ ምክንያት አይደለም። የዚያው ዓመት ሕገ መንግሥታችንም ከጃፓኑ ብዙ ወስዷል። ነገር ግን በዚሁ በ1931 የጃፓን ጦር ማንቹሪያን ወረረ። በ1936 ቶኪዮ ኢጣልያ ኢትዮጵያን መያዟን ተቀበለች፤ በ1937 ሮማ በፈንታዋ በማንቹሪያ ለቆመው አሻንጉሊት መንግሥት ዕውቅና ሰጠች። ይህን ሁለተኛ ገጽ ብዙ ጊዜ ሳናነብ እናልፈዋለን። ዛሬ በአንዲት አስተማሪ ሕይወት በኩል ልናየው አሰብን።

ሚስ ሚኒ ቮትሪን በ1886 በአሜሪካ በኢሊኖይ ግዛት ተወለዱ። አባታቸው ብረት ቀጥቃጭ ነበሩ፤ እናታቸው በልጅነታቸው ሞቱባቸው። እየሠሩ ተምረው በ1912 ከኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ እንደ ተመረቁ በሚሲዮን ወደ ቻይና ሄዱ፤ ቆይተውም በናንኪንግ ከተማ በጂንሊንግ የሴቶች ኮሌጅ የትምህርት ክፍል ኃላፊ ሆኑ። እስከዚህ ያለው የብዙ ሚሲዮናውያን ታሪክ ስለ ሆነ አንዘገይበትም።

በ1937 ጦርነቱ ወደ ናንኪንግ ሲቃረብ ኮሌጁ ወደ ምዕራብ ቻይና ሸሸ፤ የአሜሪካ ኤምባሲም ዜጎቹን ውጡ አለ። ሚስ ቮትሪን እምቢ አሉ። በከተማው የቀሩት ጥቂት የውጭ ሰዎች ጆን ራቤ በሚባል ጀርመናዊ ሊቀ መንበርነት ለስደተኛ የሚሆን ቀጠና ከለሉ። (ሰውየው የሂትለር ፓርቲ አባል ነበር፤ ታሪክ እንዲህም ያለ ነገር አለው።) ጂንሊንግ የሴቶችና የሕፃናት መጠለያ እንዲሆን ተወሰነ።

ዲሴምበር 13 ቀን ከተማው ተያዘ። አዲስ አበባ በየካቲት 12 ያየችውን ናንኪንግ በዚያው ዓመት ከ10 ወር በኋላ አየችው፤ በዚያ ግን ግድያው፣ ዘረፋውና ሴቶችን መድፈሩ ስድስት ሳምንት ያህል ቆየ። የቶኪዮው ፍርድ ቤት ሟቾቹን ከ200,000 በላይ፣ የቻይና መንግሥት 300,000 ይላሉ። ለ2,750 ሰዎች በታሰበው የኮሌጅ ግቢ 10,000 ያህል ገቡበት፤ በደረጃውም በሣሩም ላይ ተኙ። ሚስ ቮትሪን ቀኑን ሙሉ ከአንዱ በር ወደ ሌላው እየሮጡ ወታደሮችን ያባርሩ ነበር። ዲሴምበር 17 ማታ ወታደሮች እሳቸውን በዋናው በር አቁመው ሲያዋክቡ፣ በጥፊም ሲመቱ፣ ጓደኞቻቸው በሌላ በኩል ገብተው 12 ሴቶች ወሰዱ።

ከዚህ የከበደው የገና ዋዜማ ነው። የጃፓን መኮንኖች መጥተው ለጦሩ ሴተኛ አዳሪ ቤት 100 ሴቶች ከስደተኞቹ መካከል እንምረጥ አሉ፤ ይህ ከሆነ ወታደሮቹ ሌሎቹን አይነኩም የሚል ምክንያት ነበራቸው። ሚስ ቮትሪን ፈቀዱ። 21 ሴቶች ተለይተው ተወሰዱ። የቀሩት ስደተኞች 79ኙ ከጨዋ ልጆች ይመረጡ እንደ ሆነ እየመጡ ይጠይቋቸው ጀመር፤ እሳቸውም በሥልጣናቸው ከሆነ እንደማይሆን መለሱ።

በዚህ ላይ እኛ ተከራከርን። አንዳንዶቻችን መሣሪያ ከያዘ ሰው ፊት ሌላ ምን ምርጫ ነበራቸው አልን። ሌሎቻችን ደግሞ 21ዱም በዚያው በር የተማፀኑ አልነበሩምን ብለን ጠየቅን፤ ትናንት በምን ይተዳደሩ እንደ ነበር ዛሬ ጥላ ሊያሳጣቸው ይገባልን? ያልተስማማንበትን እንደ ተስማማን አድርገን አንጽፍም። ነገር ግን በር ላይ ቆሞ ያልመረጠ ሰው በቀላሉ ሊፈርድ እንደማይችል ሁላችንም ተሰማን።

ከዚያ በኋላ ለመበለቶች የእጅ ሥራ ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ የተወሰዱባቸውን ባሎችና ልጆች ለሚፈልጉ ሴቶች አቤቱታ አሰባሰቡ። የቻይና መንግሥት በ1938 ኒሻን ሰጣቸው። ሆኖም ጉልበታቸውም መንፈሳቸውም አልቆ በ1940 ወደ አሜሪካ ተመለሱ፤ የሠሩትንም ሁሉ እንደ ውድቀት ቆጠሩት። ከናንኪንግ በወጡ ልክ በዓመታቸው፣ ሜይ 14 ቀን 1941፣ በ54 ዓመታቸው ሕይወታቸውን በገዛ እጃቸው አጠፉ።

ከጦርነቱ በኋላ የናንኪንግ ጦር የበላይ የነበሩት ጄኔራል ማትሱይ በ1948 በስቅላት ተቀጡ። ከተማው ሲያዝ በስፍራው አዛዥ የነበሩት ልዑል አሳካ ግን የንጉሡ ቤተ ሰብ ስለ ነበሩ ለፍርድ አልቀረቡም፤ በ1981 በእርጅና ሞቱ። የሚስ ቮትሪን የዕለት ማስታወሻ በዬል ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ ብዙ ዘመን ጥቂት ሰው ብቻ ሲያነበው ኖረ። መቃብራቸው በሚሺጋን ግዛት ነው፤ በድንጋዩ ላይ በቻይና ፊደል የኮሌጃቸው ስም ተቀርጿል።