ካፖርቱን ለመጠየቅ የፈራው ሰው

የታላላቅ ሰዎች የሕይወት ታሪክ፤ ሞሃንዳስ ጋንዲ (1869–1948)

ፈሪ ውሃ ውስጥ ያልበዋል ይባላል። የጀግና ታሪክ ሲወራ ግን ጀግናው ራሱ አልቦት ያውቅ እንደሆነ የሚጠይቅ ብዙም አይገኝም። ከእናቱ ማሕፀን ደፋር ሆኖ የወጣ ይመስለናል። ታዲያ ጉዳቱ የኛው ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ጠመኔ ይዞ 60 ተማሪ ፊት የሚቆም እጩ መምህር ጉልበቱ ሲብረከረክ፣ እኔማ ለዚህ ሥራ አልተፈጠርኩም ብሎ ይደመድማል። ለመሆኑ ድፍረት ፍርሃት ለማያውቀው ሰው ብቻ የተሰጠ ነገር ነው ወይ? ለዚህ ጥያቄ መልስ ከሚሆኑን ሰዎች አንዱ፣ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ሆስፒታል በስሙ የሚጠራለት ህንዳዊው ጋንዲ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጋንዲ ኦክቶበር 2 ቀን 1869 በምዕራብ ህንድ፣ ፖርባንዳር በምትባል የወደብ ከተማ ተወለደ። አባቱ የአካባቢው መስፍን ዋና ሹም ነበሩ። ልጁ ግን የሹም ልጅ ኩራት አልነበረውም። ሌባ ይፈራል፣ እባብ ይፈራል፣ የሙታን መንፈስ ይፈራል፤ ጨለማማ አይነሣ። ማታ መብራት ካልበራለት እንቅልፍ በዓይኑ አይዞርም። እንደ አገሩ ልማድ ገና በ13 ዓመቱ ካስቱርባ ከምትባል እኩያው ጋር ተዳረ። እሷን ጨለማ ምንም አይመስላትም፤ በድቅድቁ ሌሊት ብቻዋን ወጥታ ትገባለች። እሱ ግን ፍርሃቱን ለሚስቱ መንገር እንኳ እያፈረ ከጎኗ ተኝቶ ይሳቀቃል። ትምህርት ቤትም ቢሆን ደወል ሲደወል ይደርሳል፤ ትምህርት ሲያልቅ ደግሞ ልጆች ያናግሩኝና ያሾፉብኛል ብሎ እየሮጠ ቤቱ ይገባል።

በ1888 ሕግ ለመማር ወደ ለንደን ሄደ። እዚያም የአትክልት ተመጋቢዎች ማኅበር ገብቶ በሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴው ውስጥ ተመረጠ። ስብሰባ ላይ ግን አፉ አይከፈትም። አንድ ጊዜ የማኅበሩ አባል በሐሳቡ ምክንያት ይባረር ሲባል ጋንዲ አልተስማማምና ተቃውሞውን በወረቀት ጽፎ መጣ። ቆሞ ለማንበብ አንደበቱ ስላልታዘዘው ወረቀቱን ሌላ ሰው አነበበለት። በ1891 ትምህርቱን ጨርሶ፣ ጠበቃ ተብሎ አገሩ ተመለሰ።

ቦምቤይ ላይ የመጀመሪያ ጉዳዩን በ30 ሩፒ ያዘ። ጉዳዩ ቀላል ነበር፤ የከሳሽን ምስክሮች መስቀለኛ ጥያቄ መጠየቅ ብቻ ነው። ጋንዲ ተነሣ። ራሱ ዞረ፤ ችሎቱም አብሮት የሚዞር መሰለው። አንዲት ጥያቄ ሳትወጣው ተመልሶ ቁጭ አለ። ለጉዳይ አስፈጻሚው ሌላ ጠበቃ እንዲይዝ፣ ገንዘቡንም መልሶ እንዲወስድ ነግሮት በኀፍረት ከችሎቱ ወጣ። ደቡብ አፍሪካ እስኪሄድ ድረስም ዳግመኛ ችሎት ፊት አልቆመም።

እንግዲህ ምን ይሥራ? አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በቀን አንድ ሰዓት እንግሊዝኛ የሚያስተምር ሰው በወር 75 ሩፒ እንደሚቀጥር ጋዜጣ ላይ አነበበና አመለከተ። ለቃለ መጠይቅም ተጠራ። ነገር ግን የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ የለህም ተብሎ ተመለሰ። አስተማሪነቱም አመለጠው ማለት ነው።

በ1893 በደቡብ አፍሪካ የሚነግድ የህንዶች ድርጅት ለአንድ ዓመት ቀጠረው። ደርባን በገባ በሳምንት ገደማ የአንደኛ ማዕረግ ቲኬት ይዞ ወደ ፕሪቶሪያ በባቡር ተሳፈረ። ማታ ፒተርማሪትዝበርግ ጣቢያ ሲደርሱ አንድ ነጭ ተሳፋሪ ጠይም ሰው ክፍሉ ውስጥ ማየቱ አስቆጥቶት ሠራተኞች ጠራ። ወደ ኋላ ፉርጎ ሂድ ተባለ፤ አልሄድም አለ። ፖሊስ መጥቶ እጁን ይዞ ገፍትሮ አወረደው፤ ሻንጣውም ተከተለው። ባቡሩ ጥሎት ሄደ።

ወቅቱ ክረምት ነበር፤ አካባቢው ደጋ ስለሆነ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። የጋንዲ ካፖርት የባቡር ሠራተኞቹ በያዙት ሻንጣ ውስጥ ነው። ሄዶ ካፖርቴን ስጡኝ ማለት ይችል ነበር። አላለም። ደግመው ያዋርዱኛል ብሎ ፈራ። መብራት በሌለበት የእንግዳ ማረፊያ ክፍል ውስጥ ሲንቀጠቀጥ አደረ። በዚያችው ሌሊት፣ አገሬ ልመለስ ወይስ ልቆይ እያለ ሲያወጣ ሲያወርድ ቆይቶ፣ የተቀበለውን ሥራ ጥሎ መሸሽ ፈሪነት ነው ብሎ ወሰነ። የዘር ጥላቻውንም ለመታገል ቆረጠ። ሲነጋ ለባቡሩ ድርጅት ዋና ሥራ አስኪያጅ ረጅም ቴሌግራም ላከ፤ ማታ ባቡር ተሳፍሮ ጉዞውን ቀጠለ።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። የዘር ጥላቻን ለመግጠም የቆረጠውና ካፖርቱን ለመጠየቅ የፈራው አንድ ሰው ነው፤ ያውም በአንዲት ሌሊት። ፍርሃቱ አልለቀቀውም። ውሳኔው ግን ፍርሃቱ እስኪለቀው ድረስ አልጠበቀም።

ፕሪቶሪያ ከደረሰ በኋላ በከተማው ያሉትን ህንዶች ሰብስቦ በሕይወቱ የመጀመሪያውን ሕዝባዊ ንግግር አደረገ። የተናገረው በንግድ ሥራ እውነተኛ ስለመሆን ነበር። እንግሊዝኛ መማር የሚፈልግ ካለ አስተምራለሁም አለ። ሦስት ሰዎች ተመዘገቡ፤ አንድ ፀጉር አስተካካይ፣ አንድ ጸሐፊና አንድ ባለ ሱቅ። በየሥራ ቦታቸው እየሄደ፣ ሥራ ሲበዛባቸውም እየታገሠ ስምንት ወር ያህል አስተማራቸው። ሁለቱ ሒሳብ ለመያዝና የንግድ ደብዳቤ ለመጻፍ በቁ፤ ፀጉር አስተካካዩ የሚፈልገው ከደንበኞቹ ጋር መግባባት ብቻ ነበር። ዲግሪ የለህም ተብሎ የተመለሰው ሰው በዚህ አኳኋን መምህር ሆነ።

ታዲያ ምን ተለወጠ? ሁለት ነገር ይመስለናል። አንደኛ፣ ጋንዲ ጉዳዩን ጠንቅቆ ማወቅ ጀመረ። የተቀጠረበት ክርክር የሒሳብ ጉዳይ ስለነበር የሒሳብ አያያዝ መጽሐፍ ገዝቶ አጥንቶ፣ ሰነዱን አንድ በአንድ አገላብጦ ነበር። ሁለተኛ፣ ፊቱ የተቀመጡት ሰዎች በእግረኛ መንገድ ላይ መሄድ እንኳ የተከለከሉ ናቸው። የእነሱ ችግር ከእሱ ኀፍረት በለጠበት። ቦምቤይ ላይ የቆመው ለ30 ሩፒና ለስሙ ነበር፤ ፕሪቶሪያ ላይ ግን ለሌላ ሰው ቆመ።

ይህ ሲባል ከዚያ በኋላ አልፈራም ማለት አይደለም። በጃንዋሪ 1897 ከህንድ ወደ ደርባን ሲመለስ የተቆጡ ነጮች ከበው በድንጋይና በእንቁላል ወገሩት። የፖሊስ አዛዡ ሚስት ደርሳ ጃንጥላዋን ዘርግታ በመካከል ባትቆም ኖሮ ያልቅለት ነበር። ማታም ሰዉ ያረፈበትን ቤት ሊያቃጥል ሲዝት አዛዡ በመከሩት መሠረት የፖሊስ ልብስ ለብሶ ሾልኮ አመለጠ። ከብዙ ዓመት በኋላ የሕይወት ታሪኩን ሲጽፍ ይህን አልደበቀም፤ ያመለጠው ለነፍሱ ሰግቶ ይሁን ወይስ ወዳጁን ከነቤተሰቡ ለማዳን ለይቶ መናገር እንደሚያስቸግር ገለጸ። የወገሩትን ሰዎች ክሰስ ሲባል ደግሞ እምቢ አለ።

የቀረውን ብዙ ሰው ስለሚያውቀው ባጭሩ እንለፈው። በ1906 ጆሃንስበርግ ላይ ያለ ጠብመንጃ የመታገልን ቃል ኪዳን ከወገኖቹ ጋር ገባ። በ1930፣ በ60 ዓመቱ፣ በ78 ተከታዮች ታጅቦ 385 ኪሎ ሜትር ያህል በእግሩ ተጉዞ ከባሕር ዳርቻ ጨው አነሣ፤ የእንግሊዝን የጨው ሕግም ጣሰ። ህንድ በ1947 ነፃ ወጣች። ጃንዋሪ 30 ቀን 1948 ወደ ጸሎት ሲሄድ በጥይት ተገደለ። ከአሥር ቀን በፊት በዚያው ግቢ ቦምብ ፈንድቶ ሳለ ለጸሎት የሚመጣ ሰው እንዲፈተሽ አልፈቀደም ነበር።

ሳይሸፈን መነገር ያለበት ነገርም አለ። በደቡብ አፍሪካ የመጀመሪያ ዓመታት ትግሉ ለህንዶች ብቻ ነበር፤ ስለ ጥቁሮቹም የሚያንቋሽሽ ነገር ጽፏል። ደፋር ሰው ሁሉ ነገር ይታየዋል ማለት አይደለም።

እንግዲህ ፍርሃትና ፈሪነት ለየቅል ናቸው። ፍርሃት ሳይጠሩት የሚመጣ እንግዳ ነው። ፈሪነት ማለት ግን ቤቱን ለእንግዳው አስረክቦ መውጣት ነው። የማስተማር ልምምድ ቀን ሲደርስ እጃችን ቢንቀጠቀጥ፣ ጠመኔው ቢሰበርብን አይግረመን። ትምህርቱን ጠንቅቀን እናዘጋጅ። ክፍል ስንገባም ዓይናችንን ከራሳችን ላይ አንሥተን ከኋላ ወንበር እንፈልግ። ደወሉ እንደተደወለ ወደ ቤቱ ሊሮጥ የሚያኮበክብ ዓይናፋር ልጅ አይጠፋም። እሱ ከኛ ይበልጥ ፈርቷል።